የዘጠነኛዋ እርምጃ

ውድ እማዬ፣

ጉልበትሽ እንዴት ነው? በስልክ ስጠይቅሽ «ደህና ነኝ» ብለሽ ወሬ ስለምታስቀይሪ ዛሬ በጽሑፍ ልጠይቅሽ ብዬ ነው። ደብዳቤውን እህቴ ታንብብልሽ፤ መነጽርሽን ስትፈልጊ ቀኑ እንዳይመሽብሽ። መሐል ላይ እየቆመች አስተያየት እንዳትሰጥ ግን አደራ፤ ታውቂያታለሽ። የምጽፍልሽ ነገር አራት ዓመት ሙሉ ሳልነግርሽ የቆየሁት ነው።

ድልድዩን ታስታውሺዋለሽ። ቢሮዎቹ ሰፈር፣ አንቺ ታጸጂበት ከነበረው ፎቅ ፊት ለፊት ያለው የእግረኛ ድልድይ፤ ሃምሳ ሁለት ደረጃ ተወጥቶ ሃምሳ ሁለት የሚወረድበት። ከተመረቅሁ በኋላ የነደፍኩት የመጀመሪያ ሥራዬ ነበር። መኪናው ሳይቆም፣ ሰውም ሳይገጭ፣ ሁሉም በየመንገዱ እንዲሄድ ብዬ ነበር። ንድፉን ይዤልሽ የመጣሁ ዕለት ጠረጴዛው ላይ ዘርግተሽ አየሽውና «አናቱ ላይ ጥላ የለውም እንዴ? ማረፊያስ?» አልሽኝ። «እማዬ፣ ሰው የሚያልፍበት እንጂ የሚቀመጥበት አይደለም እኮ» አልኩሽ። ደረጃው ስንት እንደሆነ አልጠየቅሽኝም፤ እኔም አልነገርኩሽም።

አሁን ያቺን ማክሰኞ ልንገርሽ። በአለቃዬ መኪና ከስብሰባ ስንመለስ ከፊታችን ያሉት መኪኖች ድንገት ቆሙ። ሁለት ሴቶች በድልድዩ ሥር መሐል አስፋልቱን እያቋረጡ ነበር። አንዷ መንገዱን ለሁለት የሚከፍለውን የአካፋዩን ግንብ መውጣት አቅቷት ሌላዋ ክንዷን ይዛ ትስባታለች። አለቃዬ ክላክሱን ደጋግሞ ተጫነና «ይኸው! ድልድይ ሠራንላቸው፣ እነሱ ግን እንደ ከብት መሐል መንገድ!» ብሎ ሳቀ። ግንቡ ያቃታት ሴትዮ ቀና ስትል አንቺ ነበርሽ። እማዬ፣ እኔም ሳቅሁ። እሱ ስለሳቀ ሳቅሁ። ወርጄ ክንድሽን መያዝ ሲገባኝ ወንበሩ ላይ ወደ ታች ተንሸራተትኩ።

ቤት ስገባ እራት አቀረብሽልኝ። እንደ ወትሮው «ብላ» አልሽኝ። «አላየችኝም» ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ይባስ ብዬ ደግሞ ተቀየምኩሽ፤ የገዛ እናቴ የሠራሁትን ድልድይ ንቃ በሥር ትሄዳለች ብዬ። ከሦስት ወር በኋላ ሥራሽን ለቀሽ እህቴ ዘንድ ሄድሽ። «ጉልበቴ አልቻለም» አልሽ። እኔም ቅሪ ብዬ አልለመንኩሽም።

ዘንድሮ ያንኑ ሰፈር ለእግረኛ እንዲመች አድርገን እንድንቀይረው ታዘዝን። የመኪና ማቆሚያ የነበረው ሜዳ ዛፍና አግዳሚ ወንበር ይገባበታል፤ የእግረኛው መንገድ ይሰፋል፤ አስፋልቱ ይጠባል። መጀመሪያ ግን ሰው በየት በየት እንደሚሄድ መቁጠር ነበረብን። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሬ ድልድዩ እግር ሥር ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ቆምኩ። ከመጀመሪያዎቹ መቶ ሰዎች ሰማንያ አንዱ በሥር አለፉ። እየቆጠርኩ ሳለ አንዲት እናት ከኋላዬ መጥተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«አንተ የዘጠነኛ ልጅ አይደለህም እንዴ?»

እትዬ አራተኛ ነበሩ። እናንተ የጽዳት ሠራተኞች በምታጸዱት ፎቅ ቁጥር እንደምትጠራሩ ረስቼው ነበር።

«ምንድን ነው የምትቆጥረው?»

«በድልድዩ የማይሄደውን ሰው።»

«እኛን ነዋ! ያንን ላም አለኝ በሰማይ ማን ይወጣዋል?» ብለው ሳቁ። የድልድዬ ስም ይኼ መሆኑን ገና ያን ጊዜ መስማቴ ነበር። ሳቃቸውን ገታ አድርገው ደግሞ «ከእኛ መሐል እናትህ ብቻ ነበረች የምትወጣው» አሉኝ።

«እናቴ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ! ደረጃው ላይ ሦስቴ ታርፋለች። ‹ነይ በታች እንሂድ፣ ጉልበትሽን ጨረስሽው› ስንላት ‹የልጄን ሥራ እኔ ካልረገጥኩለት ማን ሊረግጥለት ነው?› ትለን ነበር። አንድ ቀን ብቻ ጉልበቷ አብጦ አልታጠፍ ሲላት እኔው ጎትቼ በሥር አሻገርኳት። ያን ቀን ደግሞ አንተ መኪና ውስጥ ነበርክ።»

«አየችኝ?»

«አየችህ እንጂ! ‹ቶሎ በይ፣ ከአለቃው ጋር ነው፤ እናቱ መሆኔ ከታወቀ ይሸማቀቃል› ብላ ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበች።»

እማዬ፣ እኔ ካንቺ ስሸሸግ አንቺ ለእኔ ብለሽ ትሸሸጊ ነበር። ያን ጠዋት ከዚያ በላይ መቁጠር አልቻልኩም። መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። እትዬ አራተኛ ባልዲያቸውን ገልብጠው «ተቀመጥ» አሉኝ። በዚያ ሰፈር ሌላ መቀመጫ አልነበረም።

በሚቀጥለው ስብሰባ ድልድዩ ይፍረስ አልኩ። አለቃዬ «ያንተው ሥራ አይደለም እንዴ? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኼ ነው» አለ። «አዎ፣ የእኔው ነው። ያኔ መሐል አስፋልት ላይ ያየናት፣ የሳቅንባት ሴትም እናቴ ናት» አልኩት። አለቃዬ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «የእኔም እናት በከዘራ ነው የምትሄደው» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ። ከዚያ በኋላ ለድልድዩ የተከራከረለት ሰው የለም።

ባለፈው ሳምንት ተነሥቷል። በቦታው ዜብራ ተቀብቷል፤ አካፋዩም ተቆርጦ ከአስፋልቱ ጋር ስለተስተካከለ እግር ማንሣት የለም። ዳሩ ላይ ጥላ ያለው መቀመጫ አስገብቻለሁ፤ ዘግይቼም ቢሆን ሰምቼሻለሁ። የቀረው የእግረኛው አረንጓዴ መብራት ስንት ሰከንድ ይብራ የሚለው ነው። መመሪያው አሥራ ሁለት ይላል። መመሪያውን የጻፈው ሰው ጉልበቱን አሞት አያውቅም መሰለኝ። እትዬ አራተኛን በሰዓት ለካኋቸው፤ ሃያ አንድ ሰከንድ ፈጀባቸው፤ ያውም መሐል ላይ ቆመው ሲቀልዱብኝ ነው። «ዘጠነኛ ግን ከእኔም ትዘገያለች» አሉኝ።

ቁጭ ብዬ ያንቺን እርምጃ ላሰላው ሞከርኩ። አልቻልኩም። ትምህርት ቤት ከምትወስጂኝ ጊዜ ጀምሮ እየሮጥኩ ስቀድምሽ ኖርኩ። «ችኩሌ፣ ጠብቀኝ!» የሚለው ድምፅሽ እንጂ አረማመድሽ ትዝ አይለኝም። እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ ከጎንሽ ሄጄ አላውቅም።

መብራቱ የሚመጣው ወር መጀመሪያ ላይ ይሞከራል። እህቴ ታምጣሽ። ይቅር በይኝ፤ ይቅር ማለት ካልሆነልሽም መጥተሽ ተቆጪኝ። አለቃዬም እዚያው ይኖራል፤ ስለ ክላክሱ ራሱ የሚነግርሽ ነገር አለው። ሻሽሽን ፊትሽ ላይ እንዳትስቢ። እኔ ሰው ሁሉ እያየኝ ክንድሽን ይዤ ከጎንሽ እሻገራለሁ። እንደፈለግሽ ቀስ በይ፤ መሐል ላይ ማረፍ ካሰኘሽም እረፊ። አንቺ ማዶ እስክትደርሺ የቆጠርኩት ቁጥር ነው መብራቱ ላይ የሚገባው።

እስከዚያው ንድፉ ላይ የቁጥሩን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ።

የሚጠብቅሽ ልጅሽ፣
ችኩሌ