እስከ ስምንት መቶ ሰባ ሺህ መቁጠር

ሦስተኛ ላደረግሽኝ ለአንቺ ለእህቴ ልጅ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ጉንፋኑስ ለቀቀሽ? እንቅልፍሽ፣ ምግብሽ፣ ያ ሲበርድ የሚያስነጥስሽ ክፍል፣ ሁሉም ደህና ነው ወይ? ሰላምታዬን ግን በሙሉ ልብ አይደለም የምጽፈው፤ ተቀይሜሻለሁ። ባለፈው ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ «ነርሷን፣ ድመቷንና አጎቴን ሰላም በሉልኝ» ብለሻል። ነርሷ ትቅደም፣ እሺ፤ እናትሽን የምታነሳም የምታስተኛም እሷ ናት። ድመቷ ግን ምን ሠርታ ነው? ኪቦርድ ላይ ከመተኛት በቀር ለዚህ ቤት ያደረገችው ነገር የለም። ሁለት ቀን ሙሉ ሳብሰለስለው ቆይቼ ድመቷን ጠርቼ ደብዳቤውን አነበብኩላት። አልኮራችም፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ነገ ወደ እናንተ የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ ይህን ደብዳቤና አንድ ፍላሽ አብሬ ሰድጄልሻለሁ። በስልክ ቢሆን አንቺም «ደህና ነኝ» ትያለሽ፣ እኔም «ደህና ነን» እላለሁ፣ ከዚያ ካርዱ ያልቃል። በወረቀት መዋሸት እጅ ያደክማል፤ ስለዚህ የሆነውን እንዳለ ልጻፍልሽ።

እናትሽ ወድቃ አንደበቷ ከተያዘ ጀምሮ የምትናገርበት ኮምፒውተር አብቅቶለት ነበር። ማራገቢያው ይጮኻል፣ የስክሪኑ ግማሽ ጠቁሯል። ጠጋኙ ከፍቶ አየውና «አባባ፣ ይሄ የሚጠገን ሳይሆን የሚቀበር ነው» አለኝ። «አባባ» ያለኝን ይቅር አልኩት፤ ሌላው ግን እውነት ነበር። አዲስ ገዛን። አዲሱ የሚሠራው በሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው፤ የአሮጌው ዓይነት ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል።

ተማሪ ሳለሽ ለዕረፍት እኔ ጋ መጥተሽ አብረን የፈጠርናት የኮምፒውተር ቋንቋ ትዝ ትልሻለች መቼም፤ ላዘዝናት ሁሉ «እሺ» ብላ ስለምትመልስ ስሟን «እሺ» ያልናት። ከመሄድሽ በፊት ለእናትሽ የተውሽላትን ፕሮግራም የጻፍሽው በእሷ ነው። አርባ አንድ ቁልፍ ላይ ወረቀት ለጥፈሽ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ዐረፍተ ነገር በራስሽ ድምፅ ቀድተሽ። ከአርባ አንዱ አምስቱ እኔን መስደቢያ ናቸው፤ ቆጥሬአቸዋለሁ። ፕሮግራሙ ግን ብቻውን አይሄድም፤ መስመሩን አንድ በአንድ እያነበበ ለማሽኑ የሚነግርለት አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። አስተርጓሚውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ሽፋን ከሌለው መጽሐፍ በተማርኩት ልክ፣ ያን አንድ ማሽን ብቻ እያሰብኩ።

ፎልደሩን አዲሱ ላይ ብገለብጠው የሚሄድ መስሎኝ ነበር። ሳቀብኝ። የፋይል አድራሻ ሲጻፍ አሮጌው ሲስተም ሰረዙን ወደ ግራ ያጋድማል፣ አዲሱ ወደ ቀኝ፤ በዚህች ሰበብ ድምፅሽ ያለበትን ፎልደር «የለም» ብሎ ድርቅ አለ። አሮጌው በየመስመሩ መጨረሻ ሁለት የማይታዩ ምልክቶች ያስቀምጣል፣ አዲሱ አንድ፤ የተረፈችው ከየቃሉ ኋላ እየተለጠፈች «ውሃ» ከ«ውሃ» ጋር እኩል አይደለም ተብዬ ሦስት ቀን ስከራከር ሰነበትኩ። ድምፅ ለማሰማት ደግሞ በፊት ማሽኑን በቀጥታ ነበር የማዘው፤ አዲሱ ያለ አማላጅ አያስጠጋም። በመጨረሻ አስተርጓሚውን ለሁለት ከፈልኩት። «እሺ»ን የሚያነብበው ክፍል ስለ ማሽኑ ምንም አያውቅም። ፋይል መክፈት፣ ድምፅ ማሰማት፣ የቁልፍ ንክኪ መቀበል፣ ከማሽኑ ጋር የሚያነካካው ሁሉ በአንድ ፋይል ተሰበሰበ፤ ሲስተም ሲቀየር እሱን ብቻ መቀየር ነው። ያንቺ ኮምፒውተር ሦስተኛ ዓይነት ስለሆነ ለእሱም አንድ ጻፍኩለት፤ ፍላሹ ላይ አለልሽ።

ወረቀቶችሽን ከአሮጌው ነቅዬ አዲሱ ላይ ለጠፍኳቸውና አርባ አንዱንም ቁልፍ ሞከርኩ። አርባ አንዱም ሠሩ። ስድቦቹን ሁለት ሁለት ጊዜ ሰማኋቸው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ምንም አላለኝም። እናትሽ ከወደቀች ወዲህ እንዲህ ነኝ። ቀልዱ ከአፌ ይወጣል፣ ሰው ይስቃል፣ እኔ ግን እንደ ጎረቤት ሬዲዮ ከግድግዳ ማዶ ነው የምሰማው። ለማንም አልተናገርኩትም።

ባለፈው ሐሙስ ከእኔ ክፍል ከሦስተኛ ፎቅ ወደ እናትሽ ወደ አንደኛ ይዤው ወረድኩ። እናትሽ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ ነፋስ ይገባል። ኮምፒውተሩን ጭኗ ላይ አደረግንላት። ጣቷን ቀስ አድርጋ አወጣችና «መስኮቱን ዝጉልኝ» የሚለውን ተጫነች። «መስ መስ መስ መስ መስ» አለ። ድምፁ ያንቺ ነው፤ የምትንተባተቢው አንቺ ነሽ። ጣቷ እስኪነሳ ድረስ አላቆመም።

አንቺ አልሰማሽም፤ የወደቀች ዕለት ጠዋት የእሷም ቃል አፏ ላይ እንዲሁ ነበር የተሰበረው። አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ።

በግራ እጇ ክዳኑን ዘጋችውና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ነርሷ ደንግጣ «ጋሼ፣ ልጅቷን ምን አደረጓት?» አለችኝ። መስኮቱን ዘጋሁት። ሌላ የምሠራው አልታየኝም።

ስህተቱን ያገኘሁት በማግስቱ ነው። «ቆይ» የሚለውን ትእዛዝ ያኔ ስሠራው አስተርጓሚው ሰዓት እንዲያይ አላደረግኩትም፤ የተሰጠውን ቁጥር ያህል ቆጥሮ እንዲያልፍ ብቻ ነው። አንቺ ከእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር በኋላ «ቆይ 870000» ብለሻል። «ምናለ ሚሊዮን ብትይው፣ ቁጥር ተወደደብሽ?» ብዬ ስቄብሽም ነበር። አሮጌው ማሽን እዚያ እስኪደርስ ሁለት ሰከንድ ከምናምን ይፈጅበታል። አዲሱ ዓይን ሳይርገበገብ ይጨርሰዋል፤ ዞሮ ቁልፉን ሲያይ የእናትሽ ጣት ገና አልተነሳም፣ ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩን ሳያስጨርስ ከመጀመሪያው እንደገና ይጀምራል። እኔ ነካ አድርጌ ስለምተወው አልታየኝም። አርባ አንዱንም በራሴ ጣት ነበር የሞከርኩት። በእሷ ጣት አንዱንም አልሞከርኩም።

አሮጌውን ለመጨረሻ ጊዜ ለማስነሳት ሄድኩ፤ በሦስተኛው ሙከራ ተነሳ። የእጅ ሰዓቴን ይዤ ያንን «ቆይ» አሥር ጊዜ አስቆጠርኩት። ሃያ ሦስት ሰከንድ። ማለትም ለአንዱ ሁለት ሰከንድ ከሦስት አሥረኛ። ያኔ ነው የገባኝ። ቁጥሩን ዝም ብለሽ አላመጣሽውም። አጠገቧ ተቀምጠሽ፣ ጣቷ ከቁልፉ ስንት እንደሚቆይ እያየሽ፣ ስትጨምሪ ስትቀንሺ ነው እዚያ የደረስሽው። እኔ ስስቅብሽ እንኳ አልነገርሽኝም። አሮጌው ኮምፒውተር ከሰዓት በኋላ ጠፋ፤ ከዚያ ወዲህ አልተነሳም። አሁን አስተርጓሚው የሚጠብቀው በሰዓት ነው፤ በየትኛውም ሲስተም ላይ ያ ቁጥር ሁለት ሰከንድ ከሦስት አሥረኛ ነው። ቁጥርሽን አልነካሁትም።

ቅዳሜ የተስተካከለውን ጫንኩላት። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ ማሽኑም አንቺም እንዳላጠፋችሁ ነገርኳት። ዞራ አላየችኝም። ክዳኑ እንደተዘጋ ጠረጴዛው ላይ ትቼላት ወጣሁ። እሑድም አልነካችውም፣ ሰኞም፣ ትናንትም። ነርሷ «ውሃ ነው? ትራሱ ነው? ብርድ ልብሱ ነው?» እያለች ትገምታለች፤ ድሮ ቢያንስ ራሷን ትነቀንቅ ነበር፣ አሁን እሱንም ተወችው። ዛሬ ስድስተኛ ቀኗ ነው። እሑድ ስደውልልሽ ልነግርሽ ነበር፤ ድምፅሽን ስሰማ «ደህና ነን» አልኩሽ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ትንሽ አለቅሳለሁ ብዬ ተቀምጬ ጠበቅኩ፤ አልመጣም፤ ተነስቼ ዕቃ አጠብኩ።

ስለዚህ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ይህ እንደደረሰሽ ደውይና ነርሷ ስልኩን እናትሽ ጆሮ ላይ ታድርግላት። እኔ ስናገር ሁሌም ቀልድ ይመስላታል፤ ያስለመድኳት እኔ ነኝ። አንቺ ግን «አጎቴ ነው ያበላሸው፣ አስተካክሎታል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተጫኚው» በያት። ካልተጫነችው ቢስተካከልም ባይስተካከልም ያው ነው፤ ዝም እንዳለች ትቀራለች።

አብራሽ የምትኖረውን ልጅ ሰላም በያት፤ ሳል የሚያስቸግራት ከሆነ በባዶ እግሯ መሬቱን አትርገጥ። አከራይሽን፣ ባለፈው ሻንጣሽን የተሸከመልሽን ሹፌርም እንደዚሁ። ነርሷ እህትዋ የሆንሽ ያህል ሰላም ትልሻለች። ጠጋኙ ስለ አንቺ ሰምቶ «ፕሮግራም ጸሐፊዋ መቼ ነው የምትመጣው?» እያለ ይጠይቀኛል፤ አድራሻሽን አልሰጠሁትም፣ አትስጊ።

ከሦስተኛ ፎቅ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ።

ሳላጥፈው በሩ ተንኳኳ። የምጠብቀው ሰው የለም። «ማነው?» አልኩ። ከዚያ ከበሩ ማዶ ባንቺ ድምፅ «እኔ ነኝ፣ ክፈት» አለኝ።

ያን ቁልፍ ለምን እንደሠራሽላት ገብቶኝ አያውቅም። ከወደቀች ወዲህ ከክፍሏ ወጥታ የማንም በር ላይ ቆማ አታውቅም፤ ወረቀቱ እስከ ዛሬ እንደ አዲስ ነው። ነርሷ «ቀስ፣ ግድግዳውን ይያዙ» ስትል ይሰማኛል። የደረጃው ድካም ትንፋሿን ቆራርጦታል።

ጠበቅኩ። ሁለት ሰከንድ አለፈ፣ ሦስትም አለፈ። አልደገመም።

ልክፈትላት።