በቁምሽ የመጣ መርዶ

ውድ ልጄ ምንታምር፣

እንደምን ሰነበትሽ? የካናዳ ብርድ እንዴት አድርጎሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። አስካለን ግን ሕመም ጥሏታል፤ አስካለ የዳቦ ቤቷ፣ ከናትሽ ጋር አጥር የምትጋራው። ወገቤን ነው ትላለች። እኔ ሀፍረት ነው ባይ ነኝ። ትልቋ ልጇ በሰላም ተገላግላ እንኳ ወጥታ አልጠየቀቻትም። በናትሽ ደጅ ማለፍ አቅቷታል። አትፍረጂባት፤ ያ ቪዲዮ መጀመሪያ የታየው በሷ ስልክ ሆኖ ነው እንጂ እንደሷ የሚወድሽ የለም።

በስልክ ስትጠይቂኝ ቆራርጬ ነው የነገርኩሽ። አንቺ ስታለቅሺ ወሬው ሁሉ ይጠፋብኛል። ስለዚህ ወደናንተ ለምትመጣ ልጅ ጽፌ ልስጣት አልኩ። ስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ ጽሑፌን ቻይው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እዚያ ካገራችን ልጆች ጋር በሠራሽው ፊልም ላይ ሞተሽ የምትተኚበት ቦታ አለ አይደል፤ ነጠላ ለብሰሽ፣ ዓይንሽ ተከድኖ። አንዱ ዩቲዩበር ያንን ከማስታወቂያው ላይ ቆርጦ፣ ጎኑ ላይ ሻማ አብርቶ፣ «ተወዳጇ ተዋናይት በሰው አገር አረፈች» ብሎ ለቀቀው። ፊልሙ እዚህ ገና አልታየም፤ ማን ይወቀው? አስካለ አይታ ልትጮህ ስትል የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ተሰማ አፏን አስያዛት። እናቲቱ ስኳር አለባት፣ በወጉ ነው የምትረዳው አለ። ላንቺ ደወሉ፤ ሥራ ላይ ሆነሽ አላነሳሽም። ሌላ ከተማ ለምትኖረው ለአክስትሽ ልጅ ደወሉ፤ እሷም ያንኑ ቪዲዮ አይታ ኖሮ ስልኩን እንዳነሳች እዬዬ አለች። ከዚያ ወዲያ ማን ያጣራ?

እኔ እስቲ አንድ ቀን እንቆይ ብዬ ነበር። ጋሽ ተሰማ ተቆጣኝ። «ደብሬ፣ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ከመንገድ ብትሰማው ይሻላል? ስልክ ያልያዘ ማን አለ?» አለኝ። ጎህ ሲቀድ ሄድን። እናትሽ በሩን ከፍታ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ስታየን ደህና አደራችሁም አላለችን። «የኔዋ ናት?» አለች፣ በቃ። ከዚያ ጭቃው ላይ ነው የያዝናት።

በማግስቱ አንቺ በቪዲዮ ደወልሽ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ግማሹ እልል አለ፣ ግማሹ ፈርቶ አማተበ። ስልኩን ይዘን ወደ እናትሽ ሮጥንና ፊትሽን አስጠግተን አሳየናት። አንቺ «እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ አለሁ» እያልሽ ታለቅሻለሽ። ትክ ብላ አየችሽ። ቆይታ ስልኩን በእጇ ጀርባ ገፋ አደረገችው።

«ይሄ ፊልሟ ነው» አለች። «የኔ ልጅ ስታለቅስ ፊቷን ትሸፍናለች። ይቺ ለሰው እያሳየች ነው የምታለቅሰው።»

የሰማሽው ይመስለኛል።

ልጄ፣ እናትሽ አእምሮዋን አልሳተችም። ሐኪሙም ይሄንኑ ነው ያለን። እስቲ አስቢው፣ ከሄድሽ ወዲህ ያየችሽ በዚያች ስልክ ብቻ ነው። እዚያው ውስጥ ስታገቢ አይታሻለች። ባል ሲደበድብሽ አይታ እራቷን ትታ ተኝታለች። መጠጥ ቤት ውስጥ ከወንድ ጋር ስትስቂ አይታ ሁላችንንም አኩርፋን ከርማለች። «ፊልም እኮ ነው እትዬ የሺ፣ የውሸት ነው» እያልን ያስተማርናት እኛው ነን። አሁን ደግሞ በዚያው ስልክ ያንኑ ፊትሽን እያሳየን፣ ይሄኛው የእውነት ነው ብንላት በምን ትመነን?

ያ ሻማ ያበራብሽ ልጅም መጥቶ ነበር። ይቅርታ ሊጠይቅ መስሎን ወንበር ሰጠነው። ለካ እናትሽ በስልክ አንቺን ስታይ ሊቀርጻት ኖሯል። «እናቴ፣ ሕዝቡ እውነቱን ይወቅ፣ ለሷም ተመልካች ይጨምርላታል» አለኝ። እናቴ ሲለኝ ደሜ ፈላ። «የራስህን መርዶ ለናትህ አስነግርና እሷን ቅረጽ» አልኩት። ወጣ። ሲወጣ ደግሞ የናትሽን በር ቀርጾ ለቀቀው።

አሁን ያለው ነገር ይሄ ነው፤ የስኳር መርፌዋን አልወጋም ብላለች። ከጤና ጣቢያ የምትመጣው ነርስ ለምና ለምና ትመለሳለች። «ለማን ብዬ ነው?» ትላታለች። እግሯ ላይ የወጣው ቁስል አልደርቅ ብሏል። ሐኪሙ በዚህ ከቀጠለች አትቆይም አለን። ደብቄሽ ምን ይጠቅመኛል? ከል ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ትውላለች። ያቀረብንላትን ቀመስ አድርጋ ትገፋዋለች።

ወረቀትሽ ሳያልቅ ካገሩ ከወጣሽ ተመልሰሽ እንደማትገቢ ነግረሽኛል። እዚያ ለመድረስ ያየሽውንም መከራ አውቃለሁ። ነይም ቅሪም አልልሽም፤ ከኔ አፍ አይወጣም። ብቻ እባክሽ ቪዲዮ መላኩን ተዪው። አዲስ በመጣ ቁጥር ፊቷን ወደ ግድግዳ ነው የምታዞረው።

ትናንት የነፍስ አባቷ አባ ገብረ ሚካኤል መጥተው ነበር። አርባሽን እንዲያወጡላት አስጠርታቸው ነው። እሳቸውም በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት አልፈታም አሏት። መስቀላቸውን ጉልበቷ ላይ አድርገው፣ «የሺዬ፣ ልጅሽ አለች፤ እኔ ልዋሽሽ ነው?» አሏት። መስቀሉን ሳመች። «እሺ አባቴ፣ አለች እንበል» አለቻቸው። «ካለች ትምጣ። ካልመጣች ለኔ ምን ይለየዋል?»

አባም መስቀላቸውን ከጉልበቷ አንሥተው ሄዱ።

ጎረቤትሽ ደብሪቱ