በንፍሮ የተበላው ሰማይ

ለውዴ ለተሰማ፤

ከተለየኸኝ ወዲህ ኅዳር ዞሮ መጣ። ደህና ነኝ ብልህም አታምነኝም፤ ብቻ አለሁ።

ከኮልፌ በታች ጣልያን መንገድ ይሠራል፤ የካሚዮኑ ጩኸት ቀኑን ሙሉ አያርፍም። ሲመሽ ከግቢ መውጣት ክልክል ነው። የሩቅ ማያ መነጽር የተገኘበት ሰው ለአርበኞች ይሰልላል ተብሎ ይታሰራል ሲሉ ሰምቼ፣ ያንተን መነጽር የዱቄት ማድጋ ውስጥ ቀበርኩት። ፈታሽ ወታደር መጥቶ ክዳኑን ከፈተ፤ ዱቄት አይቶ ሄደ።

ያ ፈረንጅ ሐኪም፣ ስላስተረጎምክለት መነጽሩን ትቶልህ ከሄደ ጀምሮ የሠራነው ሥራ ትዝ ይለኛል። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው በዓልና ጾም ያወጣል እንጂ እንዳንተ ኮከብ አያሳድድም! አንተ በመነጽሩ እያየህ ትነግረኛለህ፤ እኔ በጨለማ እየዳበስኩ ሰፌዱ ላይ ሽምብራ አኖራለሁ፤ ለአንዱ ኮከብ አንድ ሽምብራ። በማግስቱ ምሽት እናመሳክራለን። ቦታውን የለቀቀ ካለ እሱ ተጓዥ ነው። ጎረቤቱ ግን ጠንቋይ እየመሰልከው የጠፋ አህያውን ሊጠይቅህ ይመጣ ነበር።

በመጨረሻ ከሰባቱ ከዋክብት ሥር አንዲት ደብዛዛ ኮከብ አገኘህ። ይህቺ ትሄዳለች፣ ነገ ታያለሽ አልከኝ። በማግስቱ ትኩሳቱ ጣለህ፤ አልተነሳህም።

ለለቅሶህ እህትህ አስካለ ሰፌዱን አየች። ምን ታውቃለች? ሽምብራውን ከስንዴው ጋር ቀቀለችው። ቀባሪው ሁሉ ሰማይህን በንፍሮ በላው። እያለቀስኩ ሳቄ መጣ፤ ሴቶቹ ሐዘን አሳበዳት ብለው ውኃ አጠጡኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ዕረፍት ነሳኝ። እውነት ትሄድ ነበር? ወይስ ትኩሳቱ ዓይንህ ላይ ቀድሞ ወጥቶ ነበር? መልሱን ለማግኘት እነዚያ ከዋክብት በምሽት ተመልሰው እስኪወጡ መጠበቅ ነበረብኝ። ሽምብራው ቢበላም ጣቶቼ አልረሱም።

ሰሞኑን ሽምብራውን እንደ ቀድሞው ደረደርኩ። ሲመሽ ከአጥሩ ጥግ ተጠግቼ መነጽሩን አነሳሁ፤ የካሚዮን መብራት በመጣ ቁጥር ቀሚሴ ውስጥ እሸሽገዋለሁ። ሌሎቹ ከዋክብት አንድም ሳይቀሩ በየቦታቸው አሉ። ያንተዋ ኮከብ ቦታ ባዶ ነው። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ በሌላም ምሽት አየሁ። ባዶ ነው።

ሄዳለች፣ ተሰማ። ልክ ነበርክ። ግን ወዴት? ከኛ ሌላ ያያት አለ? ይህን ሁሉ ከማን ጋር ላውጋ? ናፍቀኸኛል፤ ይህን ስትሰማ ፊትህ እንዴት እንደሚበራ ማየት ናፍቆኛል።

ዓይኔ እስካየ ድረስ እፈልጋታለሁ። ማን አገኛት ላለኝ ሁሉ ስምህን እጠራለሁ። የሚጠይቀኝ ባይኖርም እጠራለሁ።

ያንተዋ ዘነበች