የአሥራ ሁለት ቁጥር በር ላይ የጻፍኩት ሚስስ

ለእንግዳ ማረፊያው ዋና ሥራ አስኪያጅ
ቀን፦ 14/10
ጉዳዩ፦ ከሥራዬ እንዳልወጣ ስለመለመኔ

ጌታዬ፣ እኔ የሁለተኛ ፎቅ አልጋ አንጣፊ ነኝ። ፊትዎ ቀርቤ ልናገር ስል ምላሴ ይተሳሰራል፣ ለዚያ ነው የጻፍኩት፤ ጽሑፌም የአምስተኛ ክፍል ነው፣ ይታገሱኝ።

1. ባለፈው ሐሙስ እንግዳ ተቀባይዋ ታማ በቀረችበት ቀን የስብሰባ እንግዶች መጡ፣ ተቆጣጣሪዬም የስም ዝርዝር ሰጥታኝ በየበሩ የሚለጠፈውን ካርድ በእንግሊዝኛ ገልብጪ አለችኝ። አልችልም ማለት ነበረብኝ፤ ፈራሁ።

2. ዝርዝሩ ላይ ከሴቶቹ ስም ፊት ያሉት ኤምና ኤስ የሚባሉት ሁለት ፊደሎች ብቻ ናቸው። እኔ የማውቀው ሚስና ሚስስ ነው። እኛ ወይዘሮን ወ/ሮ ብለን እንደምናሳጥረው አሳጥረውት ነው ብዬ፣ ለክብራቸው አሟልቼ ልጻፍላቸው አልኩ። ግን የትኛዋ እንዳገባች በምን ልወቅ? ሻንጣ ሳደርስ ጣት ጣታቸውን አየሁ። ቀለበት ያላትን ሚስስ፣ የሌላትን ሚስ ብዬ ጻፍኩ።

3. የአሥራ ሁለት ቁጥሯ እንግዳ ቀለበት ለካ የሟች እናታቸው ነው። ከባላቸው ከተፋቱ ገና ሦስት ወራቸው ነው አሉ። ካርዱን ሲያዩ በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ፣ ቁልፉን እንኳ አላዞሩም። ከእንግዶቹ ጋር የመጣው አስተርጓሚ ነው ያስረዳን፤ ኤምና ኤስ ሚዝ ተብሎ ይነበባል፣ አግብታለች አላገባችም አይልም አለ። እንዲህ ያለ ቃል መኖሩን የነገረኝ የለም፤ እኛ ጋ ወይዘሮና ወይዘሪት ብቻ ናቸው። ተቆጣጣሪዬ «አንቺ ደግሞ ሰው መዳር የጀመርሽው መቼ ነው?» ብላ ሰው ፊት ሳቀችብኝና ቁልፌንና ጋውኔን ተቀበለችኝ። ሰኞ ይወሰንብሻል ተባልኩ።

4. የምኖረው አክስቴ ጋ ነው። ከባሌ ሸሽቼ ነው የመጣሁት፤ ለምን እንደሸሸሁ ክንዴን ቢያዩት ይገባዎታል። አክስቴ ሥራ የፈታሽ ቀን ወደሱ ትመለሻለሽ ብላለች። እንዳታውቅብኝ በየጠዋቱ በሥራ ሰዓቴ እወጣና መንገድ ለመንገድ ስዞር እውላለሁ። ደክሞኛል ጌታዬ።

5. ስለዚህ እንግዳዋን እግራቸው ላይ ወድቄም ቢሆን ይቅርታ ልጠይቅ፣ ካርድ ሁለተኛ አልነካም፣ ብቻ ወደ አልጋዎቼ ይመልሱኝ። ውሳኔውን ሲጽፉልኝ ወይዘሮ ልበላት ወይዘሪት ብለው አይቸገሩ፤ እኔም ራሴ አላውቀውም። ሠራተኛችን ይበሉኝ፣ ይበቃኛል።

ከፍርሃትና ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የሁለተኛ ፎቅ አልጋ አንጣፊ
(ፊርማ)