በዚህ ቤት ወንድ አያድርም

ቶኖታ፣ ሰኞ ኦገስት 6 ቀን 2007

ለምወድህ አማቼ ለሉንጊሳኒ፣

ፖስታውን ገና ካልጣልከው አንስተህ አገላብጠህ እየው። ዳር ዳሩን በቀይ ክር ሰፍቼዋለሁ። ክሩ ነጭ ከሆነ ደብዳቤውን ያመጣችልህ ናካ-ታቦ ከፍታ አንብባዋለች ማለት ነው፤ እሷ የምትሸጠው ነጭ ክር ብቻ መሆኑን አጣርቻለሁ። ድንበር ተሻግራ የምትነግድ ሴት የሰው ደብዳቤ ለማንበብ ምን ይይዛታል?

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ደህና ነን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል እንጂ ሌላው ደህና ነው። ሞራቲዋም ደህና ናት። የምጽፍልህ እኔ የሆንኩት እሷ እምቢ ብላ ነው። «ሲመጣ ይመጣል፤ እኔ ባሌን በደብዳቤ አልለምንም» አለችኝ። ኩራቷ የአባቷ ነው፤ ከእኔ አልወሰደችውም።

የምስራቹን ላስቀድም። ይገባህ አይገባህ እንደሆነ በኋላ እንነጋገራለን። ሐሙስ ጁላይ 19 ቀን ጎህ ሲቀድ፣ ከቀኗ ሦስት ሳምንት ቀድማ፣ ሴት ልጅ ተወልዳልሃለች። ትንሽዬ ናት፤ ግን ስትጮህ እስከ ዋናው መንገድ ትሰማለች። መንደሩ ሁሉ ቁርጥ እናቷን ይላል። ሊያስደስቱኝ ነው፣ አውቄባቸዋለሁ። ግንባሯ ያንተ ነው፣ ሰፊ ሜዳ። ስም አላወጣንላትም።

እንደ ሥርዓታችን በሩ ላይ የሞፓኔ ዛፍ ግንድ አጋድሜያለሁ። ሦስት ወር እስኪሞላ ወንድ የሚባል አያልፈውም። አንተም ብትኖር ኖሮ ማታ ማታ ወንድሜ ቤት ነበር የምታድረው። ይህን የምነግርህ በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ለአንድ ሳምንት ነው ብለህ ሄድክ። የሟች ወንድሜን መንፈስ ከመቃብር ወደ ቤቱ አስገብቼ፣ በሬውን በስሙ ሰይሜ፣ ወዲያው እመለሳለሁ አልክ። እኔም የሙት ነገር አይከለከልም ብዬ ስንቅ ቋጠርኩልህ። ሳምንቱ ሁለት ሆነ። ናካ-ታቦ መጣችና «ብቅሉ በብርዱ አልበቅል ብሎ ጠላው እንደገና ተጠነሰሰ» አለችኝ። እሺ አልኩ። በአራተኛው ሳምንት ደግሞ መጣችና «አጎትየው ስለታመሙ ሥርዓቱ ተላለፈ» አለች። አይ! እኔ ጠላ መጥመቅ ከጀመርኩ አርባ ዓመቴ ነው። አምስት ሳምንት የሚፈጅ ጠላ የት አገር ነው ያለው? አልሸሹም ዞር አሉ ይሉሃል ይሄ ነው።

«ሲፊዌስ እንዴት ናት?» ብዬ በድንገት ጠየቅኳት። ወዲያው ቅርጫቷን ማስተካከል ጀመረች። ቅርጫቱ እኮ ምንም አልሆነም! የሟች ወንድምህ ሚስት ሲፊዌ ምን ዓይነት ሴት እንደሆነች አላውቅም፣ ክፉ ናት አልልም። ግን እኔም ከድንበሩ አጠገብ ነው ያረጀሁት፤ የእናንተን ሥርዓት አልስተውም። የሟቹ መንፈስ ከገባ በኋላ ሚስቲቱ ከወንድሞቹ የወደደችውን ትመርጣለች። ወንድሞቹ ደግሞ ስንት ናቸው? አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው። ምርጫ ተብሎ እንግዲህ!

ሁለቱንም ጫማህን ይዘህ ሄደሃል። ለአንድ ሳምንት ሁለት ጫማ? ግራጫው የሰርግ ኮትህም ከሳጥኑ ውስጥ የለም። ሞራቲዋ «ለሥርዓቱ ሊለብሰው ነዋ» ትላለች። አራስ አይከራከሯትም። ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው፣ ልጄ።

ለዚህ ሁሉ አልነበረም ብዕር ያነሳሁት። የዚህ አገር ዜግነትህ ጉዳይ አደጋ ላይ ነው። አስራ አንድ ዓመት የዚህን መንደር የውሃ ፓምፕ በብርድም በሐሩርም ስትጠግን ኖረህ፣ በመጨረሻ ስምህ ከነፎቶህ ጋዜጣ ላይ ወጣልህ። «ይህ ሰው ዜጋ እንዳይሆን ምክንያት የሚያውቅ ካለ ለቢሮው ይጻፍ» ይላል ከሥሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። እንዲህ ብሎ ሰው ይጋበዛል? ማ-ቴቦጎ ያንን ጋዜጣ በመቀስ ቆርጣ ግድግዳዋ ላይ እንደለጠፈችው ታስታውሳለህ? ጎረቤት እንዲያው በፍቅር የሰው ፎቶ አይለጥፍም።

ታዲያ አሁን ፋይልህ ውስጥ ምን ተጽፏል መሰለህ? «አመልካቹ በተባለው ቤት አይኖርም። በቤቱ ወንድ አያድርም። ዕቃም የለውም።» አንድ ሰው ነግሯቸዋል። ማ-ቴቦጎ ናት ልልህ ነበር። ሁለት ቀንም ሰላምታ ነስቻታለሁ።

እሺ፣ ልንገርህ። ሌላ ሰው ከሚነግርህ እኔው ልንገርህ። የተናገርኩት እኔ ነኝ።

ያለፈው ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ አንድ ጎረምሳ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። አነጋገሩ የእናንተን አገር ሰው ይመስላል።

«እንደምን ዋሉ እማማ። ሉንጊሳኒ ንኮሞ የሚባል ሰው እዚህ ይኖራል?»

«ማን ነው የሚጠይቀው?»

ካርድ ሰጠኝ። መነጽሬ ቤት ውስጥ ነው፤ አላየሁትም፣ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ይሄ የሲፊዌ ወንድም ነው፣ አማቼ እዚህ ምን ንብረት እንዳለው ሊሰልል ነው የመጣው ብዬ ቆረጥኩ። ምንም የሌለው ሰው ነው ብለው እንዲተዉህ ነበር ሐሳቤ። እንዴት እንደሚያስብ ታውቀዋለህ ጭንቅላቴ፤ አንዴ ከተነሳ ፍሬን የለውም።

«ገብቼ ቤቱን ባየውስ?» አይለኝም!

«ቤቱን? ዓይንህ አያይም እንዴ? ይሄ ግንድ ለጌጥ የተጋደመ መሰለህ? በዚህ ቤት ወንድ አያድርም!»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከድሮ ጀምሮ!»

«የሰውየው ዕቃስ?»

«ምን ዕቃ አለው! ሁለቱንም ጫማውን ይዞ ሄዷል!»

ሁሉንም ጻፈው። እኔ ደግሞ ሲጽፍ እያየሁ ልቤ ቅቤ ጠጣ፤ አባረርኩት ብዬ። እዚህ መንደር ያደገ ልጅ ቢሆን አራስ ቤት መሆኑን ግንዱን አይቶ ይረዳ ነበር፤ የከተማ ልጅ ምኑን ያውቃል? ከሄደ በኋላ ሞራቲዋ ከውስጥ «ማን ነበር እማ?» አለችኝ። ካርዱን ሰጠኋት። አነበበችው። ከዚያ ሕፃኗን አቅፋ ማልቀስ ጀመረች። የዜግነት ቢሮ ሰው ነበር፣ ልጄ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ያን ዕለት እህል አልቀመስኩም።

አርብ ዕለት ያቺን ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሼ ፍራንሲስታውን ከተማ ወደ ቢሮው ወረድኩ። ልጁን ከጠረጴዛው ኋላ አገኘሁት። የተናገርኩትን መልስልኝ አልኩት።

«እማማ፣ የተጻፈ አይመለስም» አለኝ። «ደግሞ ጎረቤትዎ ማ-ቴቦጎ የተናገሩት ሌላ ነው። አስራ አንድ ዓመት ኖሯል፣ ፓምፔን የሚጠግነው እሱ ነው፣ እንደሱ ያለ ሰው የለም ብለዋል። የማንን ልመን?»

ይህን ስሰማ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ማ-ቴቦጎ እንዲህ ማለቷ ምን ፈልጋ እንደሆነ ገና እያጣራሁ ነው።

«እሺ አሁን የት ነው ያለው?» ሲለኝ «ከብቶቹ ዘንድ ነው» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። በዚህ አገር የጠፋ ወንድ ሁሉ ከብት ዘንድ ነው፤ ማንም አይጠይቅህም። ግን ካሁን በፊት የዋሸሁት ምን እንዳመጣ አየሁና እውነቱን ነገርኩት። ግንዱን ነገርኩት፣ ልጅ መወለዷን ነገርኩት፣ የወንድምህን መንፈስ ልታስገባ ድንበር መሻገርህን ነገርኩት። ብዕሩን አስቀመጠ።

«ሳያሳውቀን ነው የወጣው» አለ። «ማመልከቻው እየታየ ነው እኮ። ሰኞ ኦገስት 20፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እዚህ መቅረብ አለበት። ካልቀረበ ፋይሉ ይዘጋል፤ እንደገና ከሀ ነው የሚጀምረው።»

ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና «ይመለሳል?» አለኝ።

ሉንጊሳኒ፣ አምስት ሳምንት ሙሉ ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ገንፎ ሳገነፋ እጠይቃለሁ፣ የሕፃኗን ጨርቅ ሳሰጣ እጠይቃለሁ። ሞራቲዋ ፊት ግን አንድ ቀን አውጥቼው አላውቅም። አሁን አንድ የማላውቀው ጎረምሳ ጠየቀኝ፣ እኔም እንኳን ሰው ጥላዬን የማላምን ሴት፣ «ይመለሳል» አልኩት። ቶሎ ነው ያልኩት፤ እንዳላስብበት።

«እንግዲያው የምስክርነት ቃል ይፈርሙ» ብሎ ወረቀት ገፋልኝ። እናንተ ስትጋቡ መዝገቡን ሁለት ጊዜ አንብቤ፣ ገጹን ገልብጬ ከኋላው ምን እንዳለ አይቼ ነበር የፈረምኩት። ይህንን ግን ሳላነብ ፈረምኩ። ቤቱ ይህ ነው፣ በቀኑ ይቀርባል ይላል አሉ።

ሲፊዌ መርጣህ፣ አንተም እሺ ብለህ ከሆነ፣ በጠላና በአጎት አታመካኝ። በሁለት መስመር ጻፍልኝ፤ ልጄ ከናካ-ታቦ አፍ ከምትሰማው እኔው ልንገራት። አላንቋሽሽህም። ግን አዝናለሁ፣ በጣም አዝናለሁ፤ ይህንንም እወቀው። አትመጣም ብዬ ሳስብ የሚጨንቀኝ የልጄ ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ማታ ማታ የበሩን መቀርቀሪያ ስትፈትሽልኝ የነበርከው ትዝ ይለኛል። አሁን ሦስቴ ተነስቼ ራሴ ነው የምፈትሸው።

የምትመጣ ከሆነ ግን እሑድን አትጠብቅ። ቅዳሜ ጠዋት ተነስ፤ ድንበሩ ላይ ወረፋው ረጅም ነው፣ ሰዎቹም አይታመኑም። ለማንም ቀኑን አትንገር። አምላክ መንገድህን ያቅናልህ፣ የወንድምህ መንፈስ በሰላም ቤቱ ይግባ፣ አንተንም በሰላም ወደ ቤትህ ይመልስህ። ልጅህን ለመሳም ሦስት ወር ትጠብቃለህ፤ በመስኮት ግን አሳይሃለሁ፣ ለማንም እንዳትናገር።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ወረቀቱ ላይ «ከአመልካቹ ጋር ያለዎት ዝምድና» የሚል ቦታ አለ። ልጁ «አማች» ብሎ ሊጽፍ ሲል እጁን ያዝኩት።

«ልጄ ነው፤ እንደዚያ ጻፍ» አልኩት።

«እማማ፣ ሰውየው የተወለደው እኮ ከድንበሩ ማዶ ፕላምትሪ ነው!»

«አንተን ማን ጠየቀህ? ጻፍ ብዬሃለሁ!»

ጻፈው። እንግዲህ ልጄ፣ በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ ውሸታም አታድርገኝ።

እናትህ
ጋሌቦኔ