ሰማያዊው ክዳን

ሰኞ

እንደገና በራ! ዱሉዝ፣ ከሴራሚክ መጋዘኑ ግቢ ወጥቼ የመጀመሪያው የትራፊክ መብራት ላይ፣ ተጎታቹ ላይ አራት የእንጨት ፓሌት ሙሉ ሴራሚክ ጭኜ። ዳሽቦርዱ ላይ ብርቱካናማ ምልክት፣ ከሥሩ ጽሑፍ፤ የጭስ ማጣሪያው ፈሳሽ ጥራቱን አልጠበቀም፣ ከ200 ማይል በኋላ መኪናው በሰዓት ከአምስት ማይል በላይ አይሄድም ይላል። አምስት ማይል! የሚስቴ እናት እማማ ብዙነሽ ጉልበታቸውን እያመማቸው እንኳ በእግራቸው ይቀድሙኛል።

ፒክአፑ ገና አራት ወሩ ነው። የወንበሩን ላስቲክ የገፈፍኩት ባለፈው ወር ነው፣ ያውም ባለቤቴ ሰናይት «ሰው እየሳቀብን ነው» ብላ ስለተቆጣችኝ። መብራቱ ሲበራ ይሄ ሦስተኛው መሆኑ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ በርቶ ራሱ ስለጠፋ ለማንም አልተናገርኩም። አዲስ ዲዝል መኪና ገዛሁ ብዬ ለሰው ሁሉ ካወራሁ በኋላ በየት አፌ! ባለፈው ሳምንት ደገመኝ። ዛሬ ግን የሚጠፋ አይመስልም።

የሙከራ ጊዜዬ ዓርብ ያልቃል። እስከዚያ አንድም ጭነት ካላዘገየሁ የዱሉዝ–ማሪዬታን መስመር ለአንድ ዓመት ይሰጡኛል። የኤርፖርቱን የሻትል ሥራ የለቀቅኩት ለዚህ ነው። ስለዚህ ቀልድ የለም።

ደግነቱ ዋራንቲ፣ የፋብሪካው ዋስትና፣ አለኝ። ዋራንቲ አለኝ። ይህንን ዛሬ 285 አውራ ጎዳና ላይ ጮክ ብዬ ለራሴ ስነግረው ነበር። መኪናውን የሸጠልኝ ዲለር ጋ ደወልኩ፤ ለሚቀጥለው ሳምንት አሉኝ፤ ለመንኩ፤ ጭነት ለሌለኝ ለረቡዕ ጠዋት አስገቡኝ።

ቤት ስገባ የቀረኝ 131 ማይል።

ማክሰኞ

ሠራሁ። ሊቶኒያ፣ ዱሉዝ፣ ማሪዬታ፣ ሊቶኒያ። ሬዲዮ አልከፈትኩም፣ ዓይኔ ቁጥሩ ላይ ነው። 110። 84። 60። ቁጥሩ ሲቀንስ እያዩ መንዳት ምን ያህል እንደሚያደክም የነዳው ያውቀዋል።

መኪናው ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ አያሳፍርም። ያን ሁሉ ሴራሚክ ጎትቶ ዳገት ሲወጣ ድምፁ እንኳ አይለወጥም። ስቆጣው ውዬ ማታ ሳቆመው ኮፈኑን መታ መታ አድርጌው ገባሁ። ሰናይት በመስኮት አይታኛለች። ሳቀችብኝ።

ይህችን ደብተር የገዛኋት ማይል ልመዘግብባት ነበር። «ሐሳብህንም እዚያው ጻፈው፣ ሁሉንም ለእኔ ከምታወራ» ያለችኝ እሷው ናት።

የቀረኝ 36 ማይል።

ረቡዕ

ተናድጃለሁ።

የዲለሩ ሰርቪስ ክፍል ተቀባይ ኬቨን ይባላል። ትልቅ ሰውዬ፣ ፈገግታው የማይጠፋ፣ ትንሽ መነጽር ያደረገ። ሁለት ሰዓት አስጠበቀኝና መጣ። ዴፍ የሚባለውን ፈሳሽ (ያው በሰማያዊው ክዳን የምንሞላውን፣ ጭሱን የሚያጣራውን) ቀድተው ለክተውታል። «ውሃ ገብቶበታል» አለኝ።

«ምን ውሃ?»

«ውሃ ነዋ። ፈሳሹ ቀጥኗል። ባዕድ ነገር ከገባበት ደግሞ ዋራንቲ አይሸፍነውም።»

እኔ ሁሌ ከታሸገ ካርቶን ነው የምሞላው። ደረሰኞቹ በሙሉ በፖስታ ተይዘዋል። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኳቸው። እሱ አንድ በአንድ አያቸው፣ በትሕትና፣ ትሕትናው ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። ታንኩ ተደፍቶ መታጠብ አለበት፤ ምናልባትም የጭስ ማጣሪያ ሲስተሙ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል። ሁሉም በራሴ ኪስ። የሲስተሙን ዋጋ ሲነግረኝ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ከዚያ ተነስቼ ጮህኩበት። ሌባ አላልኩትም፣ ግን እንዳልኩት ገብቶታል። ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ።

ደረጀ ጋ ደወልኩ። አብረን ሻትል ስንነዳ የነበርን ወዳጄ ነው፣ ስብርብሯ የወጣ አሮጌ የቤንዚን ፒክአፕ አለችው።

«ብዬህ ነበር! ሰውዬ፣ ዲዝል አትግዛ፣ ኮምፒውተር ነው የምትገዛው አላልኩህም?» አለኝ። ከዚያ «ኢንተርኔት ላይ መጥፎ ሪቪው ጻፍባቸው፣ ክሰሳቸው» ካለ በኋላ «ለነገ የእኔን ውሰዳት» አለኝ። እንዲህ ነው ደረጀ። መጀመሪያ ይሰድባል፣ ከዚያ ቁልፍ ይሰጣል።

እራት ላይ ለቤቱ ሁሉ አወራሁ። በሰማያዊው ክዳን ውሃ ገባበት ይሉኛል፣ ማን ነው ውሃ የሚጨምርበት፣ ሆን ብለው ነው፣ ስደተኛ ነው አያውቅም ብለው ነው። ሰናይት ነገ የቅሬታ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ልትጽፍልኝ ተስማማች። እማማ ብዙነሽ የጎረሱትን ሳያላምጡ ትንሽ ቆዩና «ራሴን አመመኝ» ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ። በእኔ ጩኸት ነው። ድምፄን መቀነስ አለብኝ።

የቀረኝ 20 ማይል።

ሐሙስ

የደረጀ ፒክአፕ በሩ የሚከፈተው ከውስጥ ነው፣ መስኮቱ ደግሞ አይዘጋም። ግን ደረሰች። ጭነቱ በሰዓቱ ማሪዬታ ገባ። የማሪዬታው መጋዘን ጭነት ኃላፊ ግሎሪያ የደረጀን መኪና ዞራ አይታ «ያንተ አዲሱስ?» አለች። «አርፏል» አልኳት። «ነገ በራስህ መኪና ትመጣለህ፣ ኢንሹራንሱ ላይ ያለው እሱ ነው» አለችኝ። ማለት፣ ነገ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት ማሪዬታ፣ በዚያው በታመመው መኪና። ካልሆነ መስመሩ ለሌላ ሰው ነው።

ይህንን እያሰብኩ ቤት ስደርስ እማማ ብዙነሽ ፒክአፑ አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። አማች ነኝና አንቱ ነው የሚሉኝ፣ እንደ ጎጃም ደንባቸው።

«ይቅር ይበሉኝ» አሉ። «እኔ ነኝ።»

«ምኑን ነው እርስዎ?»

«ውሃውን።»

አልገባኝም። እጃቸውን ዘርግተው ሰማያዊውን ክዳን አሳዩኝ። ከቤተ ክርስቲያን ያመጡትን ጸበል፣ ግማሽ ጠርሙስ፣ በዚያ ጨምረውበታል። አዲስ መኪና ሳይጠመቅ አይነዳም ብለው። ሌላ ሰው ጎማውንና መሪውን ረጭቶ ይተዋል። እሳቸው ግን እኔ አንድ ቀን በዚያ ክዳን ስሞላ አይተው «ምንድን ነው የሚጨምሩበት?» ብለውኝ ነበር። እኔ ደግሞ ቸኩዬ፣ ዴፍ ምን እንደሆነ ማስረዳቱ ታክቶኝ፣ «ውሃ ነው እማማ፣ ጭሱን የሚያጠራ ውሃ» ብያቸዋለሁ።

«ውሃ የሚጠጣ ከሆነ የማርያምን ቢጠጣ ምን አለበት ብዬ» አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። «እንጀራዎን ዘጋሁብዎ።»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ኬቨን ላይ የጮህኩት ትዝ አለኝና ፊቴ ጋለ። ከዚያ የነገው ዘጠኝ ሰዓት። «የእኔ ጥፋት ነው፣ ውሃ ያልኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። አልሰሙኝም። ለማርያም ጃንጥላ ተስለዋል፣ እህል ግን ከትናንት ማታ ጀምሮ አልቀመሱም።

ሰናይት ግን እንደ እኛ አይደለችም። እኛ ስንላቀስ እሷ ታስባለች። «እማዬ፣ መቼ ነው የጨመርሽው?» አለቻቸው።

«ጸበሉን ባመጣሁበት ቀን ነዋ፣ በማርያም ዕለት።»

«አንተስ? መብራቱን መጀመሪያ ያየኸው መቼ ነው?»

አላስታወስኩም። ይህችን ደብተር አመጣች። ያኔ የጻፍኳት አንዲት መስመር አለች፤ «መብራት። 6,120 ማይል። ራሱ ጠፋ።» ከላይዋ ቀን አለ። ሰናይት ወጥ ቤት ካለው ካላንደር ጋር አስተያየችው፣ የፈረንጁም የእኛም ቀን ያለበት፣ ገበያ ስንሄድ በነጻ የሚሰጡን። ጣቷን በቁጥሮቹ ላይ አስኬደችና ቆመች።

«ገብርኤል ነው» አለች። «አሥራ ዘጠኝ። እማዬ የጨመረችው ሃያ አንድ ነው። መብራቱ ሁለት ቀን ቀድሟል።»

እማማ ብዙነሽ ካላንደሩን ከግድግዳው አውርደው ራሳቸው አዩት። ሁለት ጊዜ ቆጠሩት።

«እንግዲህ እኔ አይደለሁማ?»

«አናውቅም» አልኩ። አናውቅም በእርግጥ። እሳቸው ግን እራት በሉ።

ዓርብ

ዲለሩ ሳይከፈት በር ላይ ነበርኩ። 12 ማይል ብቻ ቀርቶኛል።

መንገድ ላይ ሌላ ነገር አስቤ ነበር፣ እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ። ስለ ጸበሉ ምንም አልናገርም፣ የመብራቱን ቀን ብቻ አሳየዋለሁ ብዬ ነበር። ኬቨን በሩን ከፍቶልኝ ያንኑ ፈገግታ ሲያሳየኝ አልቻልኩም። እንደምን አደርክ ሳልለው ሁሉንም አፈረጥኩት። የባለቤቴ እናት፣ የተባረከ ውሃ፣ ሰማያዊው ክዳን፣ እኔ ነኝ ውሃ ነው ያልኳቸው፣ ስለጮህኩብህ ይቅርታ።

ኬቨን መነጽሩን አወለቀ። አሁን ዋራንቲዬ ሞተ ብዬ ስጠብቅ፣ «አያቴ እኮ» አለኝ፣ «አዲስ መኪና በገዛን ቁጥር መሪውንና አራቱንም በር በዘይት ትቀባ ነበር። የአባቴ መኪና የቆዳ ወንበር ላይ እስከ ዛሬ ምልክቱ አለ።» ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ሆዴን እስኪያመኝ፣ ግማሹ ፍርሃት ነው።

ከዚያ ደብተሬን አሳየሁት። መብራቱ ከውሃው ሁለት ቀን ይቀድማል አልኩት። አማርኛውን ማንበብ አይችልም፣ ግን 6,120ን ያነባል። ኮምፒውተሩን መኪናው ላይ ሰካ። መኪናው ራሱ ይመዘግባል ለካ፤ የመጀመሪያው ስህተት በስንት ማይል እንደታየ። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረልኝ።

6,120።

ረቡዕ ለምን አላያችሁትም አልኩት፣ በቀስታ። «ፈሳሹ መጥፎ ሲሆን ምርመራውን እዚያው እናቆማለን። ስህተቱ የእኛ ነው» አለ። ይህንን ስላለ ወደድኩት።

ታንኩን ደፍተው አጠቡ፣ ያ በእኔ ነው፣ ተገቢም ነው። ንጹህ ዴፍ ሞልተው አስነሱት። አዙረው ሳይመልሱት መብራቱ በራ! ሜካኒኩ አንገቱን ነቀነቀ፣ እኔ ግን በመብራት እንዲህ ተደስቼ አላውቅም። ፈሳሹን የሚለካው ሴንሰር ራሱ ነው የተበላሸው። አዲስ ሴንሰር ዕቃ ክፍላቸው ነበር፤ በዋራንቲ ቀየሩልኝና መብራቱ ጠፋ። ኬቨን ወረቀቱ ላይ እንድፈርም እያሳየኝ «ግን ለእናታችን ንገራቸው፣ ከውጭ በኩል ብቻ» አለኝ።

ዱሉዝ ጫንኩ። 285 እንደ ልማዱ ቆሞ ነበር። ማሪዬታ ስገባ ለዘጠኝ ሰዓት ሃያ ደቂቃ ይቀረው ነበር። ግሎሪያ ሰዓቷን አየች፣ መኪናውን አየች፣ «ሰኞ ቢሮ ግባና ውሉን ትፈርማለህ» አለች። ጠዋት ደጋግሜ የፈራሁት ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀ።

ወደ ቤት ደወልኩ። ሰናይት ስልኩን ለእናቷ ሰጠቻቸው። «ሴንሰር የሚባል ነገር ነው፣ እርስዎ አይደሉም» አልኳቸው። ከዚያ «ጃንጥላው ግን ይገዛል» አሉ።

ቅዳሜ

ጃንጥላ ተገዛ። ቀይ፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለው። ቁርስ፣ ምሳ፣ መክሰስ፤ እማማ ብዙነሽ የሐሙሱን አካክሰው በሉ። ፒክአፑን አጠብኩት። ደረጀ መጥቶ ዞሮ ዞሮ አየውና «እማማ፣ የእኔዋ ላይም ትንሽ ጸበል ያፍስሱባት፣ መስኮቷ እንዲዘጋ» አላቸው። ያን ሁሉ ጊዜ ካፈሩ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሳቸው ላይ ሳቁ።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ወሰድኳቸው። ከሐሙስ ወዲህ አልጠጋም ብለውት የነበረው መኪና ውስጥ፣ ፊት ወንበር፣ ጃንጥላውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው። ሰናይት ከኋላ።

መንገድ ላይ ድንገት «ግን ያ ፈሳሽ፣ ውሃ ካልሆነ ምንድን ነው?» አሉኝ።

በዚህኛው ጊዜ አልቸኮልኩም። «ዩሪያ ነው እማማ። ዩሪያ ከተጣራ ውሃ ጋር ተበጥብጦ።»

ዞረው ፊት ለፊት አዩኝ። «ዩሪያ? ጤፍ ላይ የምንበትነው? ማዳበሪያው?»

«እሱው።»

«ወይ ጉድ! ማዳበሪያ ነው ቢሉኝ ኖሮ እኔ መች እነካው ነበር! ስንት ዓመት የበተንኩትን!»

ሰናይት ከኋላ ሳቋን መያዝ አቃታት። አራት ቀን የተንገበገብኩበት ነገር አንድ ቃል በትክክል ብመልስላቸው ኖሮ አይደርስም ነበር። ሴንሰሩ ግን ያለ እሳቸው ጸበልም መበላሸቱ አይቀርም ነበር።

ሴንሰሩ ይጽና አይጽና አላውቅም። ኬቨን ራሱ «አንዳንዶቹ ተመልሰው ይመጣሉ» ብሎኛል። ይምጡ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ፓርክ አድርጌ ሞተሩን ሳላጠፋ እማማ ብዙነሽ ወደ ዳሽቦርዱ ጎንበስ ብለው አዩ። «መብራቱስ?»

«የለም።»

«ተመስገን» ብለው ጃንጥላቸውን ይዘው ወረዱ። ስንመለስ በእጃቸው የጸበል ጠርሙስ ነበር። ሰማያዊውን ክዳን በሩቁ ዞረው አልፈው፣ ኮፈኑን ከውጭ ሦስት ጊዜ ረጩት፣ ከዚያ እኔንም።

7,581 ማይል። መብራት የለም።