ውኃ ይዞ የሚመጣው ጋሪ

ሰኞ፣ ጥቅምት ፬

ዛሬም ቆልፎብኝ ሄደ። ባሌ ገረመው የጭነት ማኪናውን አስነስቶ እስኪወጣ ድረስ ዕቃ የማጥብ መስዬ ጓሮ ቆየሁ። ፊቱ እንዳላለቅስ ብዬ ነው። አሥመራ ደርሶ እስኪመለስ ሳምንቱ ያልቃል። ቁልፉን እናቱ እማማ ዘርፌ መቀነታቸው ላይ ቋጥረውታል። ሲተኙም አይፈቱትም። "ከተማው ተበላሽቷል፤ ላንቺው ብሎ ነው" ይሉኛል።

ከተጋባን ወዲህ ብቻዬን ገበያ ወጥቼ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬ እንዲህ ሆንሁ።

ከአጥሩ ማዶ ጋሪ ሲያልፍ ማን መሆኑን በፈረሱ ኮቴ እለያለሁ። ፈጠን ፈጠን የሚለው ቦራ ነው፤ የውኃ አምጪያችን የአያ ታከለ ፈረስ። ሌላ ምን ሥራ አለኝ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፭

አያ ታከለ ውኃ አመጡ። ከቀሐ ወንዝ በርሜል ሞልተው ሽቅብ ሲመጡ ቦራን ላብ አጥምቆታል። እማማ ዘርፌ በሩን ከፍተው እዚያው ቆሙ። እኔ ውኃውን እየገለበጥሁ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠየቅኋቸው።

"አያ፣ ጋሪ ኮሶዬ ድረስ ይወጣል?"

"ቀስ ከተባለ ይወጣል። ምነው?"

"እህቴ የሺ እዚያ መንገድ ዳር ምግብ ቤት አላት። ቢወስዱኝስ?"

ልጓሙን ማስተካከል ያዙ። "የሰው ሚስት ከቤቱ አውጥቼ ከሰው ፊት በምን ዓይኔ እቆማለሁ? እንዳልሰማሁ ልሁን፣ ልጄ።"

ክፉ ሆነው አይደለም። ገረመውን ይፈሩታል። መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ሆን ብሎ ጡሩምባ ይነፋባቸዋል፤ ቦራ ሲደነብር ይስቃል። "የጋሪ ጊዜ አለፈ" ይላል። የአያ ታከለ ጋሪ ጎማው ራሱ ጣሊያን ጥሎት ከሄደ ማኪና የተነቀለ ነው። ሳንቃውን በእጃቸው ነው የመቱት። ከዚያ በፊት በቅሎ ነበር የሚጭኑት። አሁን ጋሪ በአስፋልቱ እንዳይሄድ ስለተከለከለ በየጓሮው ይዞራሉ።

በሩ ተዘጋ። መጥፎ ቀን።

ረቡዕ፣ ጥቅምት ፮

ምንም የለም። ምስር ለቀምሁ። ለቅሜ ስጨርስ እንደገና ለቀምሁት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት ፯



ጠዋት እማማ ዘርፌ ደረጃው ላይ አንሸራተታቸው። ዳሌያቸውን ነው የመታቸው። መነሳት አልቻሉም። ጩኸታቸው ሌላ ሰው የሚጮህ ነው የመሰለኝ። ቁልፉን ራሴ ከመቀነታቸው ፈትቼ በሩን ከፈትሁ።

ወጥቼ መንገዱ ላይ ቆምሁ። ማንም አልነበረም። እውነቱን ልጻፍ፤ ለመሄድ አሰብሁ። ነጠላዬ ትከሻዬ ላይ ነበር። ከኋላዬ እማማ ዘርፌ "አለምነሽ!" ይላሉ፤ ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም ነበር፣ "አንቺ" ነበር የሚሉኝ። እየሮጥሁ ሄጄ አያ ታከለን ጠራኋቸው። በርሜሉን አውርደው ገለባ ጎዘጎዙ፤ ተሸክመን ጫንናቸው።

በጓሮ መንገድ ድንጋዩ ሲያንገጫግጫቸው ስላላስቻላቸው አያ ታከለ ወደ አስፋልቱ አወጡት። ፖሊስ አስቆመን።

"ጋሪ በዚህ አይሄድም!"

"የጫንሁት ሰው ነው" ብለው አለፉት። እኒያ ፈሪ ሰው!

ሐኪም ቤት አስተኟቸው። እጄን ጨብጠው አልለቅም አሉ። ከግቢው ወጥቼም ያው ታሰርሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት ፰

ሴት ልጃቸው ከአዘዞ መጣች። አያ ታከለ ናቸው ሄደው የነገሯት። እጄን የለቀቁኝ ያኔ ነው።

"ትናንት ምነው አልሄድሽም? በሩ ክፍት ነበር" አሉኝ እማማ ዘርፌ።

 "ማን ያነሳዎታል ብዬ ነው።"

 እማማ አያ ታከለን አስጠሩና "ይችን ልጅ እህቷ ዘንድ አድርስልኝ። ልጄ ቢጠይቅህ እናትህ አዘዘችኝ በለው" አሏቸው። ወደኔ ዞረው "እምቢ ብዬው አላውቅም። አሁን ልበለው" አሉኝ።

አያ ታከለ ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሱ። የእናት ትእዛዝ ሲሆን ነገሩ ቀለላቸው መሰለኝ። እኔን ግን አልቀለለኝም። የእማማን እግር ስሜ ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት ፱

ቀኑን ሙሉ ዳገት። ቀጥ ባለው ቦታ ወርጄ ከኋላ ገፋሁ። ጫማዬ ተበጠሰ። ካሚዮን በመጣ ቁጥር አያ ታከለ ወርደው የቦራን ዓይን በጋቢያቸው ይሸፍኑለታል፤ እኔም ገረመው ነው እያልሁ ፊቴን እሸፍናለሁ። ሁለታችንም ተሸፍነን ቆምን! አያ ታከለ አይተው ሳቁብኝ።

ሰማዩ ሳይጠቁር ኮሶዬ ገባን። የሺ ጭልፋዋን እንደያዘች ሮጣ ወጣች። ብርዱ ሸጋ ነው።

አንድ ነገር ግን ያኔ ነው የታወሰኝ። ከአሥመራ የሚመጣ ማኪና ሁሉ በዚህች በር ያልፋል።

እሑድ፣ ጥቅምት ፲

አያ ታከለ ቦራ አርፎላቸው በጠዋት ወረዱ።

ከቀትር በኋላ ገረመው መጣ። የሞተሩን ድምፅ ከሩቅ ለየሁት። የሺ "ጓዳ ግቢ!" ብላ ገፋችኝ፤ ገባሁ። ከሽንኩርቱና ከከሰሉ መካከል ተቀምጬ ሲያወራ ሰማሁት፤ ምግብ ያዛል፣ ይስቃል። የማልፈልገውን ኑሮ ያለ ቁልፍ ደገምሁት። ወጣሁ።

ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ።

"እናትህ ወድቀው ሐኪም ቤት ናቸው። እህትህ አጠገባቸው አለች፤ ቶሎ ሂድ" አልሁት። "እኔ ግን አልመለስም።"

"ማን አወጣሽ?"

"እናትህን ጠይቅ።"

ይመታኛል ብዬ ነበር። ካሚዮን ነጂዎቹ ሁሉ ያዩናል። እጁን ሳይታጠብ ተነሳ። ማኪናው ላይ ወጥቶ "ሽማግሌ እልካለሁ" አለኝ። ማስፈራራቱ ይሁን ልመናው አልገባኝም።

ሽማግሌ ቢመጣ ምን እንደምል አላውቅም። የሺም አታውቅም። በጣም ርቦኛል። ከሐሙስ ጀምሮ እህል አልዋጥልሽ ብሎኝ ነበር። የሺ ሽሮ አቅርባለች፤ ልሂድና ልብላ።